ካንሰርን ይከላከላል ያልነው እርድ

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር የደም ግፊት መድኃኒቴን ልገዛ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ። ሻጯ ታውቀኛለች፤ ተማሪ ሳለች ለተግባር ልምምድ እኔ የምሠራበት ክፍል ተመድባ ነበር። መድኃኒቴን ከሰጠችኝ በኋላ አንድ ቢጫ ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ሲስተር፣ ይሄንንም ይሞክሩት። የእርድ እንክብል ነው፤ ካንሰርን ይከላከላል።»

«ማን አለ?» አልኳት።

«ላዩ ላይ ተጽፏል እኮ።»

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። እውነትም ተጽፏል። ጠርሙሱን ገፍቼ መለስኩላት። ልጅቷ ግፊቴ የተነሳ መስሏት ወንበር አቀረበችልኝ። ግፊት አልነበረም፤ ንዴት ነው። በነርስነት ሥራዬ ያላናደደኝ ነገር የለም፤ ያለቀ ጓንት፣ የዘገየ መድኃኒት፣ ሳይመጣ መጣሁ የሚል ተቆጣጣሪ። «ይከላከላል» የምትለውን ቃል ያህል ግን ደሜን የሚያፈላው የለም። ለምን እንደሆነ ሳልናገር እንዳልሞት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የተወለድኩት ጎሬ ነው። ነርስነት ተምሬ ስጨርስ የተመደብኩት ጋምቤላ ሆነ። ደርግ ወድቆ፣ ጋምቤላ ክልል በሆነባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነበር። ቢሮው ሁሉ አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ ኃላፊው አዲስ፤ የበሩ ላይ ጽሑፍ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ጠረጴዛ ሳይኖረው ኃላፊ ያለው ቢሮ አይቻለሁ። የምደባ ደብዳቤዬ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሦስት ጊዜ ተሰርዟል። ስለ ደመወዙ ዝም ብል ይሻላል።

መጀመሪያ የላኩኝ ዲማ ነው። ከደጋ የወረዱ ወርቅ ቆፋሪዎች ጉድጓድ እየተደረመሰባቸው፣ ወባ እያንቀጠቀጣቸው ይመጡ ነበር። እዚያ የተማርኩት ፈጥኖ መስፋትን ነው። ቀጥሎ ፑኝዶ፣ ስደተኞች ዘንድ ለጥቂት ወራት አገለገልኩ፤ እዚያ ደግሞ በአስተርጓሚ ማዳመጥን ለመድኩ። ነርስ የሆንኩት ግን ከአቦቦ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ ያደረገኝም ጋሽ ኦሞድ ነው።

ጋሽ ኦሞድ አኝዋክ ነበር፤ ድሬሰር። ድሬሰር ማለት በዚያን ጊዜ ቁስል በማጠብ ሥራ ጀምሮ ሌላውን ሁሉ እየሠራ የተማረ ሰው ነው። ዲፕሎማ የለውም። እኔ ነበረኝ፤ በመጀመሪያው ሳምንትም ይህን እንዲያውቅልኝ አድርጌያለሁ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ታማሚ ሲቀመጥ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ያምሃል?» ብሎ አልነበረም። «ቤት ምን አደረግህበት?» ነው የሚለው። ቅጠል ያሰረ አለ፣ በእሳት ያስተኮሰ አለ፣ ለልጁ የታዘዘውን ክኒን ራሱ የዋጠ አለ። ጋሽ ኦሞድ ማንንም አይቆጣም። መልሱን በታማሚው ቃል፣ አንዲት ፊደል ሳያሳምር፣ መዝገቡ ላይ ይጽፈዋል።

«ከተቆጣሽ ሌላ ቀን ይዋሹሻል» ይለኝ ነበር። «ውሸት ደግሞ መድኃኒት የለውም።»

የጡት ምርመራንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ሴቶቹ ወንድ ፊት አይገለጡም፤ እሱም ያውቃል። ስለዚህ በመጋረጃው ወዲያ ማዶ፣ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ ይቀመጥና በእኔ እጅ ይመረምራል። ከዚያ በፊት ግን እጄን አሠለጠነው። በጥጥ የተሞላ ጨርቅ ይሰፋና ውስጡ የበቆሎ ፍሬ፣ ባቄላና ጠጠር ይደብቃል። አንዱን ልቅ ይተወዋል፣ አንዱን ከጨርቁ ጋር በክር ይሰፋዋል።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። የሚንሸራተት የትኛው ነው? የተጣበቀ የትኛው ነው?»

በጣት ጫፍ ሳይሆን በጣት ሆድ እንድዳስስ፣ እጄን አሙቄ እንድጀምር፣ ብብትን እንዳልረሳ አስተማረኝ። ሁልጊዜ ከማያመው ወገን እንድጀምር ያዝዘኝ ነበር። «እጅሽ መጀመሪያ የዚህችን ሴት ጤና ይወቅ። ከዚያ በኋላ በሽታዋን ያገኛል» ይላል። እብጠት ካገኘሁ በክር እለካዋለሁ፤ ክሩን በልኩ ቋጥረን ከካርዷ ጋር እናስቀምጠዋለን፤ ስትመለስ እናስተያየዋለን። ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ነገር አልነገሩኝም።

አሁን ወደ እርዱ ልምጣ። ከጎደሬ በኩል እርድ ይመረታል፤ አፈሩ ይስማማዋል። በዚያ ሰሞን አንድ የቅመማ ቅመም ፕሮጀክት ጋምቤላ ውስጥ ቢሮ ከፍቶ ነበር። ኃላፊው አቶ ሰይፉ ይባላል፤ ንግግሩ የለዘበ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው። ለስብሰባ ከተማ በሄድኩበት ቀን አስጠርቶ ጥቂት ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሰጠኝ።

«ሲስተር አስቴር፣ እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው ብለውኛል። ይህቺን ወደ አማርኛ መልሺልን። በየክሊኒኩ እንለጥፋታለን፤ ገበሬውም ገበያ ያገኛል፣ ሕዝቡም ጤና ያገኛል።»

ጽሑፉ ሐቀኛ ነበር፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ኩርኩሚን የሚባለው የእርድ ንጥረ ነገር በላቦራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ ያሉ የካንሰር ሴሎችን እንዳይባዙ ሲያደርግ ታይቷል ይላል። በአይጦችም ላይ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ ይላል። ቀጥሎ ግን በሰው ላይ እንዳልተረጋገጠ፣ ሰው የበላው እርድ ወደ ደሙ የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ብቻ እንደሆነ፣ ገና ብዙ ምርምር እንደሚያስፈልገው በግልጽ ያስቀምጣል። እኔም እንዳለ ተረጎምኩት። ሁለት ገጽ ሆነ። «ካንሰርን ሊከላከል ይችል እንደሆነ ገና በመጠናት ላይ ነው» ብዬ በጥንቃቄ ጻፍኩ።

አቶ ሰይፉ አነበበና ፈገግ አለ።

«ቆንጆ ነው። ግን ረዘመ። ይሄን ማን ቆሞ ያነባል?»

እስክሪብቶውን አውጥቶ መሰረዝ ጀመረ። ብርጭቆው ሄደ። አይጦቹ ሄዱ። «በሰው ላይ አልተረጋገጠም» የሚለው ሄደ። በመጨረሻ የቀረው አንድ መስመር ነው፤ እርድ ካንሰርን ይከላከላል።

«ይሄ እኮ ሌላ ነገር ሆነ» አልኩት።

«ያው ነው። አሳጠርነው እንጂ ምን አደረግነው?» አለና ከሥሩ «ትርጉም፦ ሲስተር አስቴር» ብሎ ጻፈበት። «ስምሽ ይኑርበት፤ የጤና ባለሙያ ስም ሲያይ ሰው ያምናል።»

ስሜ በማተሚያ ቤት ታትሞ አያውቅም ነበር። ዝም አልኩ። ሌላ ምክንያት ልፈልግለት እችላለሁ፤ አለቃ ነው፣ ወጣት ነበርኩ፣ ወንዶች የሚያዙበት ቢሮ ነው። ሁሉም እውነት ነው። ዝም ያልኩት ግን ስሜን ማየት ስለፈለግሁ ነው።

ወረቀቱ በቢጫ ቀለም ታትሞ፣ የእርድ ሥር ሥዕል ተደርጎበት መጣ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤም አብሮት ነበር። ከምርመራ ክፍሉ በር አጠገብ ለጠፍኩት። ጋሽ ኦሞድ ጣቱን እያስከተለ አነበበው።

«ይከላከላል ይላል። ማን አየ?»

«በጥናት ነው፣ ጋሽ ኦሞድ።»

«ጥናቱን አንቺ አንብበሻል?»

«አንብቤያለሁ።»

«ይከላከላል ይላል?»

መርፌ የሚቀቀልበት ውሃ ገነፈለ ብዬ ወጣሁ። ውሃው አልገነፈለም ነበር።

አሪየት ወደ ክሊኒካችን የመጣችው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። ከአልዌሮ ወንዝ የሚወጣ ዓሣ እያደረቀች አቦቦ ገበያ ትሸጥ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥም ድምፅዋ ከሁሉ ጎልቶ ይሰማል። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማረች አማርኛ ታነባለች። የመጣችው ወባ የያዛትን ልጇን ይዛ ነበር። ልጅቷን እያከምኩ ሳለ አሪየት ወረቀቱ ፊት ብዙ ቆመች።

«ሲስተር፣ ይሄ እርድ ወጥ ውስጥ የሚገባው ነው?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«ለጡትም ይሆናል?»

ቴርሞሜትሩን እያነበብኩ ነበር። ከውጭ ማንጎው ሥር ገና ብዙ ሰው ተቀምጧል።

«ለካንሰር ሁሉ ነው የሚለው» አልኳት። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም።

አንዲት ሴት «ለጡትም ይሆናል?» ብላ ስትጠይቅ ነርስ የምትመልሰው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ «ለምን ጠየቅሽ?» ጋሽ ኦሞድ ቢሆን እንዲያ ይላት ነበር። መጋረጃውን ይዘጋና ይወጣል፣ እኔ እጄን አሞቃለሁ፣ ከማያመው ወገን እጀምራለሁ። አላልኩም። የልጇን ክኒን ቆጥሬ ሰጠኋት፤ አመስግናኝ ሄደች።

ስትመለስ ዝናቡ አልፎ፣ በጋው አልፎ፣ ሁለተኛው ዝናብ ሊገባ ነበር። ቀሚሷ በደረቷ በኩል ቢጫ ሆኗል። መጋረጃውን ዘግቼ ጨርቁን ስፈታው ሽታው አስቀደመ። የግራ ጡቷ ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተቦርቡሯል፣ በአንድ በኩል ፈንድቷል፤ በላዩ እርድ በቅባት ተለውሶ ተቀብቷል። ከቀኙ ጀመርኩ፤ ከዚያ ግራውን፣ ከዚያ ብብቷን ዳሰስኩ። ክሩን ከኪሴ አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። የሚለካ አልነበረም።

ከመጋረጃው ወዲያ የጋሽ ኦሞድ ድምፅ መጣ።

«ቤት ምን አደረገችበት?»

አሪየት ራሷ መለሰችለት።

«እርድ። በወተት እጠጣለሁ፣ በቅባት እቀባለሁ። አንድም ቀን አላቋረጥኩም። ወረቀቱ ያለውን ነው ያደረግኩት።»

የጋሽ ኦሞድ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲሄድ ሰማሁ።

ጋምቤላ ላክናት፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተላከች። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ተባብረው አሳፈሯት፤ ታናሽ እህቷ አጁሉ አብራት ሄደች። አሪየት ከሆስፒታሉ ይዛው የተመለሰችው ደብዳቤ አጭር ነበር፤ ወደ ጉበቷ ደርሷል፣ በቤቷ ሆና ሥቃዩን አስታግሱላት ይላል። በምን እንደምናስታግስላት አይናገርም። በመድኃኒት መደርደሪያችን የነበረው ለራስ ምታት የሚሰጥ ክኒን ነው።

በየሁለት ቀኑ ቤቷ ድረስ እየሄድኩ ቁስሏን አጥብላት ነበር። ጨዋማ ውሃ አፈላለሁ፣ አቀዘቅዛለሁ፣ የተጣበቀውን ጨርቅ ሳልስብ በውሃ አረጥበዋለሁ። አንድ ቀን እያጠብኩላት እንዲህ አለችኝ።

«ያን ቀን ልነግርሽ ነበር የመጣሁት። የልጄ ወባ ሌላ ነው፤ የእኔም ነገር ነበር። የበቆሎ ፍሬ ነበር የሚያክለው። ፈርቼ ነበር። ወረቀቱን ሳየው ዕድለኛ ነኝ አልኩ። እግዚአብሔር መድኃኒቱን በር ላይ ሰቀለልኝ አልኩ።»

ጨርቁን መጭመቅ ቀጠልኩ። ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር? ያን ቀን ብትነግረኝ በእርግጥ ትድን ነበር ብዬ መማል አልችልም፤ እንዲህ ብዬ ብምል እኔም እንደ አቶ ሰይፉ ሆንኩ። ዕድል ግን ነበራት። የበቆሎ ፍሬ የምታክል፣ ቆዳ ያልያዘች እብጠት የቀዶ ሐኪም ቢላዋ ሊያገኛት ይችል ነበር። ያን ዕድል በአንድ መስመር ወሰድንባት።

ዝናቡ ሳያልቅ አረፈች። መዘምራኑ ስትቀበር ዘመሩላት፤ ድምፃቸው መሐል አንድ ነገር መጉደሉ ለሁሉም ይሰማ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ባገኘሁት የመጀመሪያ መኪና ጋምቤላ ሄድኩ። አቶ ሰይፉ ወንበር ሰጠኝ፣ ለስላሳ አዘዘልኝ። አንድም ነገር ሳልቀንስ ነገርኩት።

«በጣም ያሳዝናል» አለ። «ግን እርድ መርዝ አይደለም፣ ሲስተር። እርድ ማንንም አልገደለም።»

«እርዱማ አልገደላትም። የገደላት መጠበቋ ነው። እንድትጠብቅ ያደረግናት እኛ ነን።»

«ጥናት አለ፤ አንቺው ነሽ የተረጎምሽው።»

«ጥናቱ ብርጭቆ ውስጥ ስላለ ሴል ነው። አሪየት ብርጭቆ አልነበረችም።»

ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ አየችን። አቶ ሰይፉ የወረቀቱን ቅጂ ከመሳቢያው አወጣና ጣቱን ከሥር አሳረፈ።

«የማን ስም ነው ያለበት?» አለኝ፤ በለዘበ ድምፅ። «የኔ አይደለም።»

ልክ ነበር። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ንዴቴ ያልበረደው። ስንናደድ ንጹሕ ሆነን ብንናደድ ይቀል ነበር።

ዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና ወረቀቱን ላወርድ ተነሳሁ። የጭነት መኪና ላይ እየተንጠለጠልኩ፣ አንዳንዱን መንገድ በእግሬ እየሄድኩ፣ ፑኝዶንም ዲማንም አዳረስኩ። ዲማ ያለው የሥራ ባልደረባዬ «ግድግዳው ባዶ ከሚሆን ተይው፤ ቀለሙ ያምራል» አለኝ። በጥፍሬ ልጬ አወረድኩት። አንድ ቦታ ደግሞ ወረቀቱን በመስታወት አስገብተውት አገኘሁ። በሄድኩበት ሁሉ ግድግዳውን እመለከት ነበር። ስለ እርድ ያልተለጠፈበት ክሊኒክ አላየሁም። «ጡትሽን በእጅሽ ፈትሺ፤ እብጠት ካገኘሽ ዛሬውኑ ነይ» የሚል ግን አንድም ቦታ አላገኘሁም። ለሚሸጥ ነገር ቀለምና ማተሚያ ቤት ነበረን። ሴቶቹን ለማዳን አልነበረንም።

እርድን አልጠላሁም። ዛሬም ወጤ ውስጥ አለ። ተመራማሪዎቹም ይመርምሩት፤ አንድ ቀን ከዚያች ቢጫ ሥር ለሰው የሚሆን እውነተኛ መድኃኒት ቢያወጡ ከማንም በፊት የምደሰተው እኔ ነኝ። ግን ይውጣና ይነገረን። «ተስፋ አለው» ሌላ ነው፣ «ይከላከላል» ሌላ ነው። ወጥ ውስጥ የሚገባው ቁንጥርና ጠርሙስ ሙሉ እንክብልም አንድ አይደሉም፤ እንዲህ ተከማችቶ ሲወሰድ ከሌላ መድኃኒት ጋር የሚጋጭበት፣ ጉበት የሚጎዳበት ጊዜ አለ። መድኃኒት ቤት ባየኋት በዚያች ቢጫ ጠርሙስ ላይ ይህ አልተጻፈም። ረዝሞባቸው ይሆናል።

ጋሽ ኦሞድ ስለ ወረቀቱ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። የአሪየትን ቃል ከጻፈበት መዝገብ ሥር ግን በራሱ እጅ አንድ መስመር ጨምሮ አገኘሁ፤ «ወረቀቱን የለጠፍነው እኛ ነን» ይላል። እኛ አለ እንጂ እሷ አላለም።

ወረቀቶቹን አውርጄ በተመለስኩ በሳምንቱ አጁሉ ወደ ክሊኒኩ መጣች። ሰው ሁሉ እስኪያልቅ ጠብቃ ገባች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ቀጥ ብላ አየችኝ።

«ወረቀቱ ከሥሩ ስም ነበረው። አስቴር ይላል። አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስትጽፊው እውነት መስሎሽ ነው?»

አዎ ማለት እችል ነበር። ትቀበለኝም ነበር።

«አይደለም» አልኳት። «እንዳልተረጋገጠ አውቅ ነበር። ሲሰርዙት ዝም አልኩ።»

ጋሽ ኦሞድ መዝገቡ ላይ አቀርቅሯል። አጁሉ ተነሳች፤ ትታኝ የምትወጣ መሰለኝ። መጋረጃውን ገልጣ ገባችና የቀሚሷን ቁልፍ መፍታት ጀመረች።

«እኔንም እይኝ» አለች።

ጋሽ ኦሞድ ወንበሩን ይዞ ወጣና ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ ተቀመጠ። እጄን ታጠብኩ፣ አሻሽቼ አሞቅሁት። አስተኛኋትና ትከሻዋ ሥር ጨርቅ አጥፌ አደረግሁ። ቀኙን ዳሰስኩ፣ ግራውን ዳሰስኩ፣ ሁለቱንም ብብት ዳሰስኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምሠራው።

«ምንም የለም» አልኳት።

አልተነሳችም። ጣሪያውን እያየች፦

«እንደገና እይ» አለችኝ።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።